የሐይቁ ዳርቻ ጭላሎ ላይ ይጀምራል



ዛሬ የቆምኩት ስለ ውሃ ዳርቻ ሕግና አስተዳደር ልናገር ነው። ርዕሱን ሰምቶ «አሰላንና የባሕር ዳርቻን ምን አገናኛቸው?» ያለ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ከተማችን የጭላሎን ተራራ ተንተርሳ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የስንዴና የገብስ አገር ናት። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ቢሆንም ጉዳዩ የኛ ነው፤ ለምን የኛ እንደሆነ ከወንዛችን ልጀምር።

በሐምሌና በነሐሴ ከታር ወንዝ ዳር የቆመ ሰው የውሃውን መልክ ያውቀዋል። ውሃ አይመስልም፤ የተበጠበጠ ቀይ አፈር ነው። ልጅ ሳለሁ ያ ቀለም የወንዙ የተፈጥሮ መልክ ይመስለኝ ነበር። የማሳችን አፈር መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ያው ቀይ ቀለም እንደ ምላስ ሆኖ ወደ ሐይቁ ተዘርግቶ ነበር። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የተነሳው ከዚያ ቦታ ነው።

ተራሮቻችን ውሃ ይከፍላሉ። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ በቀለታ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል፤ ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ገብቶ የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ተከትሎ ይፈሳል። በምዕራብ በኩል ከጭላሎ፣ ከገላማና ከካካ የወረደው ከታር ሆኖ ደምበል ሐይቅ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው ሐይቅ ማለት ነው። የዚያ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው ኦጎልቾ፣ ዞኑም አርሲ ነው። እንግዲህ አርሲ የሐይቅ ዳርቻ አገርም ናት።

የዓለም የባሕር ሕግ እንኳ ይህን ዝምድና ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 207 ላይ፣ መንግሥታት ከየብስ ተነስቶ ባሕርን የሚበክለውን ሁሉ፣ በወንዝ በኩል የሚገባውንም ጨምሮ፣ በሕግ እንዲከላከሉ ያዛል። ስለ ባሕር የተጻፈው ሕግ ወንዝ አፍ ላይ ደርሶ አልቆመም፤ ቀና ብሎ ሽቅብ ተመልክቷል። የኛ የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ግን በዋናነት የመርከብ፣ የጭነትና የንግድ ሕግ ነበር። በቀይ ባሕር ዳር በኖርንባቸው ዓመታት መርከቡን በሕግ አስተዳደርን፤ ዳርቻን የመጠበቅ የሕግ ልምድ ግን ከዚያ ዘመን ይዘን አልመጣንም። ስለዚህ ዛሬ በቀሩን ውሃዎች፣ በሐይቆቻችን ላይ፣ ልምዱን ራሳችን መፍጠር አለብን።

ደምበል ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ረጅም ሰው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ቢቆም የጣቱ ጫፍ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የስምጥ ሸለቆዋ ፀሐይ ደግሞ በየዓመቱ ከ1.5 ሜትር በላይ ውሃ ታተንበታለች። ሂሳቡን አስቡት፤ ዝናቡና ወንዞቹ ባይመልሱለት ያ ሰፊ ውሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቅ ነበር። ዋነኞቹ ወንዞች ሁለት ናቸው፤ ከጉራጌ ደጋ የሚመጣው መቂና ከኛ የሚወርደው ከታር።

ይህ ቀጭን ውሃ ስንት ሕይወት ተሸክሟል? ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደው ዓሣ አስጋሪ አለ። ቲማቲምና ሽንኩርት አምርቶ አዲስ አበባን የሚቀልበው ገበሬ አለ። የአበባ እርሻዎች አሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛም አለባቸው። ከብቱን ውሃ የሚያወርድ አርብቶ አደር አለ። ዘዬ የሚባሉት የደሴት ሰዎች በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች ላይ ቋንቋቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ለዘመናት ኖረዋል። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እርሱ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ሐይቅ ለዚያ አካባቢ የጤና ጉዳይ ነው።

ደምበል ከሞላ በኋላ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ ከላይ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ከላይ የሚመጣው ሲቀንስና ከዳርቻው ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጣ። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው፣ አቢጃታ ላይ እያጠመዱ ጫጩቶቻቸውን ያሳድጉ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። ይህ ሁሉ የሆነው በስሙ ብሔራዊ ፓርክ በተቋቋመለት ሐይቅ ላይ ነው። ፓርኩ ዳርቻውን አጠረ፤ ውሃው የሚመጣበትን መንገድ ግን ማጠር አልቻለም።

ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ ሐረማያ አለ። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረ ሐይቅ ነው። ከተማው ቀዳ፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት ቀዳ፣ ከኮረብታው አፈር ገባበት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙ ትልቅ ተስፋ ነው። እኛ ግን ደምበል እስኪደርቅ ጠብቀን ከዚያ በኋላ ተስፋ ልናደርግ አይገባም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሐይቅም እያሳሳቀ ይሄዳል። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ሲሸሽ ማንም አይጮኽም።

የአሰላ ሰው ጥበቃ ሲዘገይ የሚሆነውን ከሌላ ታሪክ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ የምንለው፣ እዚህ ከተማ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር አመጣ፤ ማዳበሪያ አመጣ፤ የተሻሻለ ላም አመጣ። ምርቱ ጨመረ፤ አርሲ የዛሬዋ አርሲ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን እርሻው አትራፊ መሆኑ ሲታወቅ ባለ መሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስወጣ። ጭሰኛውን ይጠብቃል የተባለው ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ስንት ቤተሰብ ጓዙን ጭኖ ወጣ። ትራክተሩ ክፉ አልነበረም፤ መሣሪያው ቀድሞ ሕጉ ዘገየ እንጂ። በመሣሪያውና በሕጉ መካከል በነበረው ክፍተት የተቀጣው ደግሞ ድሀው ነው።

ዛሬ ትራክተሩ የውሃ ሞተር ነው። ሞተሩ ደርሷል፤ በሐይቁ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሕጉ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ያስተዳድራሉ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የብክለት ቁጥጥር አዋጆች፣ ቁጥር 299/1995 እና 300/1995፣ አሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። መደርደሪያው ሙሉ ነው።

ችግሩ የሚታየው እነዚህን ሕጎች ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ስትቆሙ ነው። ሐይቁ በሙሉ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። መቂ ወንዝ ግን የሚነሳው ከጉራጌ ነው፤ ጉራጌም ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ስለዚህ ከሐይቁ አንድ እንስራ ውሃ ብትቀዱ ውሃው የፌዴራሉን መንግሥት ይመለከታል። የቆማችሁበት ጭቃ የክልሉ ነው። እንስራው ውስጥ የገባችው ዓሣ የግብርናው ናት፤ የገባው ቆሻሻ የአካባቢ ጥበቃው ነው፤ ቆሻሻውን የለቀቀው ቱቦ ደግሞ የከተማው ነው። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን እንዲያገናኝ ታስቦ ነበር በ1999 ዓ.ም. የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 የወጣው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አስተዳደሩ የወረዳን ድንበር ትቶ የውሃን መንገድ ይከተል የሚል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስም የራሱን ባለሥልጣን አገኘ። ከዚያ ይህ ባለሥልጣን በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ አንድ የተፋሰሶች ተቋም ተጠቃለለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ያም ተቋም በአዋጅ ቁጥር 1263 መሠረት በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ገባ። አንድ ሐይቅ የውሃውን መጠን ለክቶ፣ ተጠቃሚውን መዝግቦ፣ እምነት ገንብቶ ለማስተዳደር ሃያ ዓመት ይፈልጋል። ተቋሙ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ቤት ቀየረ። ቤት በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ፋይል ይጠፋል፤ ባለሙያ ይበተናል፤ የተጀመረ ውይይት ይቋረጣል።

ታዲያ ምን ይሻሻል? አራት ነገር አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ዳርቻው ራሱ ነው። የ1992ቱ አዋጅ የውሃ ዳርቻን የማካለል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን የመከልከል ሥልጣን ለተቆጣጣሪው አካል ይሰጣል። ስንት ሜትር፣ ከየትኛው የውሃ ደረጃ ተነስቶ የሚለውን ግን ለኋላ ተወው። በቅርብ ዓመታት የዳርቻ ክለላ ጉዳይ ትኩረት ማግኘቱ መልካም ነው። ሆኖም ሜትር በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ችካሉ መሬት ላይ መተከል አለበት። በተለይ ባሕር ሸሽ የምንለው መሬት ቁርጥ ያለ ሕግ ያስፈልገዋል። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የተገለጠውን መሬት ሰው ያርሰዋል፤ ፊላውንና ደንገሉን ይነቅለዋል፤ ውሃው በክረምት ሲመለስ የታረሰውን አፈርና ማዳበሪያ ይዞት ይሄዳል። ፊላው የዓሣ መራቢያ ነበር፤ ደለሉንም የሚያጣራ ወንፊት ነበር። እምቦጭ ለተባለው የውሃ አረም የሚመቸው ማዳበሪያ የጠገበ ውሃ ነው፤ ወንፊቱን ነቅለን እምቦጩን በእጅ ስንለቅም ብንውል ድካማችን ፍሬ የለውም። ሕጉ ባሕር ሸሽ የሐይቁ አካል ነው ብሎ በግልጽ ይናገር። እርሱን አርሶ የሚበላው ግን አብዛኛው መሬት የሌለው ወጣት ነው፤ ስለዚህ ምትክ ሳያገኝ መነሳት የለበትም። ጭሰኛውን የጎዳነው ስህተት አይደገም።

ሁለተኛው የሞተሩ ጉዳይ ነው። ያው የ1992ቱ አዋጅ ለአንዳንድ አጠቃቀሞች ፈቃድ አያስፈልግም ይላል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታ፣ የውሃ ወፍጮ። ይህ ለድሀው የቆመ መልካም አንቀጽ ነው። ነገር ግን ሞተር ባህላዊ መስኖ ነው ወይስ አይደለም? አንድ ሞተር ትንሽ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሞተሮች ግን አንድ ትልቅ ወንዝ ናቸው፤ የትኛውም መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ወንዝ። ለእያንዳንዱ ገበሬ የፈቃድ ወረቀት እናምጣ ብንል ቢሮክራሲው ገበሬውን ይፈጀዋል። መፍትሔው አስቀድሞ በእጃችን ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ገበሬዎች ሕጋዊ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያስችላል። ፈቃዱና የውሃ ድርሻው ለማኅበሩ ይሰጥ፤ ማኅበሩ ሞተሩን ይመዝግብ፤ ተራውን ራሱ ያውጣ። ትልልቆቹ እርሻዎች ደግሞ ቆጣሪ ይግጠሙ፤ የሚቀዱትም መጠን ለሕዝብ ይገለጥ።

በማኅበር ውሃ ማስተዳደር ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቦረና የኤላ ጉድጓዶች ላይ የዕለቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሔሬጋ አለ። ማን መጀመሪያ ያጠጣል፣ ማን ሁለተኛ፣ ለተጠማ እንግዳ ምን ይደረግለታል የሚለው ሴራ በሚባለው ባህላዊ ሕግ የተወሰነ ነው። በአርሲም እናቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው ሲወጡ ጠብ ይቆማል፤ ፍትሕ ይሰማል። ዘመናዊው ሕግ ይህን ባህል ለበዓል ማድመቂያ ብቻ ሲጠራው ኖሯል። በዳኝነት ወንበሩም ያስቀምጠው።

ሦስተኛው የተፋሰሱ ምክር ቤት ነው። ለደምበልና ለተከታዮቹ ሐይቆች በአዋጅ የጸና፣ በየሹመቱ የማይናወጥ ምክር ቤት ያስፈልጋል። ሁለቱም ክልሎች ይግቡበት። ዓሣ አስጋሪው፣ የደሴቱ ሰው፣ አርብቶ አደሩ፣ ባለሀብቱ፣ የባቱና የመቂ ከተሞች ይግቡበት። ከሁሉ በላይ ግን የዲገሉ፣ የጢዮና የሙኔሳ ገበሬ ይግባበት። እስከ ዛሬ ስለ ሐይቁ ስብሰባ ሲጠራ የሚጠራው ሐይቁን የሚያየው ሰው ነው፤ ሐይቁን የሚመግበው የደጋ ሰው ተጠርቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አራተኛው ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። የደጋው ገበሬ እርከን ይሥራ፣ ተዳፋቱን ሣር ያልብሰው፣ ምንጭ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ አይትከል ስንል ከማሳው ላይ እየቀነስንበት ነው። ትርፉን የሚያገኘው ታች ያለው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ እንደ ደምበል የአበባ እርሻ የከበበው። እዚያ ታች ያሉት ውሃ ተጠቃሚዎች ላይ ላሉት ገበሬዎች አፈራቸውን ስለ ጠበቁ ክፍያ የሚሰጡበት አሠራር ተሞክሯል፤ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም በኬንያ የ2002 የውሃ ሕግ (እ.ኤ.አ.) ቦታ አግኝተዋል። እኛም ዘንድ ከውሃ አጠቃቀም የሚሰበሰበው ክፍያ ወደ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ከሚጠፋ፣ የተወሰነው ክፍል ወደ ተነሳበት ተፋሰስ ይመለስ። የደጋው ሰው የማን አገልጋይ ነኝ ከሚል ቅሬታ ወጥቶ የሐይቁ ባለድርሻ ይሆናል።

እነዚህን አራቱን ብናደርግ እንኳ ሕጉን የሚያስነሳው ሰው ነው። በጃፓን ቢዋ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ውሃው በድንገት ቀይ ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከየቤቱ በልብስ ሳሙና አማካይነት የሚገባው ፎስፈረስ መሆኑ ሲታወቅ የአካባቢው የቤት እመቤቶች ያን ሳሙና አንገዛም አሉ። ጥያቄያቸው ተስፋፍቶ በ1979 የሺጋ አውራጃ ፎስፈረስ ያለበትን ሳሙና የሚከለክል ሕግ አወጣ። እዚያ ሕጉ ሕዝቡን ተከትሎ መጣ እንጂ ሕዝቡ ሕጉን አልጠበቀም።

እኛም የምንይዘው መሣሪያ አለን፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችል ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት የማለት መብት ሰጥቶታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እዚህ የተቀመጣችሁ የሕግ ተማሪዎች፣ ይህን አንቀጽ ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ይህ አንቀጽ ሁላችንንም ባለቤት አድርጎናል። መንግሥትም በበኩሉ የሐይቁን የውሃ ከፍታና የተሰጡትን ፈቃዶች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሰው የማያየውን መጠበቅ አይችልም።

አንድ ጥያቄ አውቃለሁ፤ በተለይ ከደጋው የመጣችሁ በልባችሁ ይዛችሁታል። «እኛ እዚህ ለፍተን እንብላ፣ የቆላው ሐይቅ ምን አገባን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የምመልሰውም በዚያ በከታር ቀይ ውሃ ነው። ያ አፈር ሐይቁን ከመጉዳቱ በፊት የጎዳው እናንተን ነው። የገዛችሁት ማዳበሪያ አብሮት ሄዷል፤ ልጃችሁ ሊያርሰው የሚገባው መሬት አብሮት ሄዷል። ሐይቁን የሚያድነው እርከን ቀድሞ የሚያድነው ማሳችሁን ነው። የሐይቁ ሕግና የማሳችሁ ሕግ አንድ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

አዋጅ ሲወጣ በጋዜጣ ላይ እናነባለን፤ ተሳካ አልተሳካም የሚለውን ግን የሚነግረን ሪፖርት አይደለም። በነሐሴ፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ከታር ዳር ሄዳችሁ ቁሙ። ውሃውን ተመልከቱ። ቀይነቱ ከዓምናው ከቀነሰ ሕጉ ከሐይቁ ተነስቶ ጭላሎ ደርሷል ማለት ነው። የወንዙን ድንጋይ በክረምት ውሃ ውስጥ አይቶ፣ ያን የጠራ ውሃ የወንዙ የተፈጥሮ መልክ አድርጎ የሚያድግ አንድ ልጅ ማየት እፈልጋለሁ። እኔ በዕድሜው ሳለሁ የማውቀው ቀዩን ነበር።